ጠርዙ ላይ ስም ይቀረጽ፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ መከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሠራዊቱ አባላት በሚሰጡ የአገልግሎት ሜዳዮች ላይ የባለቤቱ ስም እንዲቀረጽ ስለመጠየቅ

እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። በውስጡ ሁለት የነሐስ ሜዳዮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የአባቴ፣ ሌላው የታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድማማቾቹ በተለያየ ዙር በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ተመልሰዋል። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ የትኛው ሜዳይ የማን እንደሆነ የሚያውቅም የለም።

የአጎቴ ልጅ፣ ጥብጣቡ የነተበው የአባቷ ነው ትላለች። በየበዓሉ ኮቱ ላይ ሳይሰካው ከቤት አይወጣም ነበርና። እናቴ ደግሞ «የነተበውማ የኔው ባል ነው፤ በእጄ የጠቀምኩት» ብላ ትሟገታለች። እኔ መነጽሬን አድርጌ የመርፌ ምልክት ብፈልግ በሁለቱም ላይ አጣሁ። አጎቴ በጦርነቱ የቆሰለ ሰው ስለሆነ ልጁ የራሱን ሜዳይ ብትፈልግ አልፈርድባትም። ሽማግሌ ቢቀመጥም ነሐሱ አይመሰክርም።

የሚያስቆጨኝ ሜዳዩ በሌላው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው ያቋቋመው። ከፊት የድርጅቱ ዓርማ አለ፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ 17 ሰንበር ያሉት ነው። ጀርባው ላይ አገልግሎቱ የድርጅቱን ቻርተር መርሖዎች ለመከላከል የተሰጠ መሆኑ ተጽፏል፤ ለእኛ ሰዎች የተሠራው ደግሞ በአማርኛ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ሻለቃ ጦር ብሎ በግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያስወጣ ሰው መኖሩ ያስደንቀኛል። ለምን እንደተሰጠ ተጽፏል፣ በየት እንደተዘመተ ተጽፏል፤ ለማን የሚለው ብቻ ቀረ።

ይህን ለማሰብ አዲስ ጥበብ አያስፈልግም ነበር። እንግሊዞች በዋተርሉ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1815) ለተሰለፉት ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር አንድ ዓይነት የብር ሜዳይ ሲሰጡ፣ የእያንዳንዱን ስም ጠርዙ ላይ በማሽን መትተውበታል። ለሞቱትም ለቤተሰቦቻቸው ሰጥተዋል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ወደፊት የአገልግሎት ሜዳይ ሲያዘጋጅ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጠርዙ ላይ የባለቤቱ ስምና የወታደርነት መለያ ቁጥሩ ይቀረጽ። ስሙ እስከ አያት ይሁን፤ አበበ ከበደ ብቻ ከተባለማ በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ስንቱ ይመጣል! ሆሄውም ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው ይሁን። ኃይሉን በሃሌታው ሀ ጽፎ መስጠት ለአንዳንዱ ሰው የሌላ ሰው ሜዳይ እንደመስጠት ነው። ቁጥሩ ከመዝገብ ጋር ይያያዝ፤ የምስክር ወረቀትማ አይጥ ይበላዋል፣ ጣሪያ ያፈስበታል።

ስም ማውጣት ለጠላት ዝርዝር ማቀበል ነው የሚል ቢኖር፣ የጠርዝ ጽሑፍ ሜዳዩን በጣት ይዞ ካላዞሩት አይነበብም። መዝገቡም በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ እንጂ አደባባይ ይለጠፍ አላልኩም። ወጪውን ለሚያነሣ ደግሞ፣ የሚቀነስ ነገር ከተፈለገ ከሥዕሉ ይቀነስ እላለሁ። በብረት ቅርጽ ሥራ ጥቂት ዓመታት ስላሳለፍኩ ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ንድፉ ኮምፒውተር ላይ የእንጀራ ምጣድ አክሎ ሲታይ አንበሳውም፣ ተራራውም፣ ካርታውም፣ ሰንደቁም ያምራል። ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር በሆነች ክብ ላይ ሲመታ ግን አንበሳው ድመት፣ ተራራው እብጠት ይሆናል። አንድ ጥርት ያለ ምስል ይበቃል።

አሰጣጡንም በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር። የጀግንነት ሜዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ይመዘናል፣ ይበላለጣል። የአገልግሎት ሜዳይ ግን በቀን ይቆጠር። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪዎች የሚሰጠው ሜዳይ መነሻው 90 ቀን ነው፤ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው አብዬ የዘመተው የእኛ ወታደርም የተሸለመው በዚሁ ደንብ ነው። ለአዛዡ 90 ቀን፣ ለሾፌሩም 90 ቀን። ወጥ ሠሪው፣ መካኒኩ፣ ነርሷ እንዳይረሱ የሚያደርገው ይህ ነው። አባቴ እንኳ በምሽግ ሳይሆን በስንቅ ማመላለስ ነበር የሠራው፤ «እኔ ምን ሠራሁ» ይል ነበር። ሜዳዩን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የያዘው።

የሞተ ወታደር ሜዳይም በፖስታ ታሽጎ በቀበሌ በኩል አይድረስ። አንድ የክፍሉ ሰው የደንብ ልብሱን ለብሶ ቤቱ ይሂድ፣ ጠርዙን ለእናቱ ያንብብላት።

በእኛ ቤት ያለው ነገር ላይስተካከል ይችላል። ሆኖም የቃኘው ሻለቃን ዘማቾች ስም ከነዙራቸው የያዘ መዝገብ በእጃችሁ ካለ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ፈልጋችሁ በደብዳቤ ብታረጋግጡልን፣ ስማቸውን በየሜዳዩ ጠርዝ ላይ እኔው ራሴ እቀርጸዋለሁ። የትኛው ላይ የማንን እንደምቀርጽ ከአጎቴ ልጅ ጋር ዕጣ ለመጣል ተስማምተናል። እናቴ ግን እስካሁን እሺ አላለችም።

ከሠላምታ ጋር
የአንድ የቃኘው ዘማች ልጅ