ቤታችንን ላተረፋችሁልን ሁሉ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ላላችሁ ወገኖቼ፤

ይህን የምጽፈው እዚያው ኩሽናዬ ቁጭ ብዬ ነው። አምና ይሄኔ ኩሽናው የእኔ ሆኖ ይቀራል ብዬ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ታሞ ታክሲውን ካቆመ በኋላ ሞርጌጁ፣ የቤቱ ብድር ማለቴ ነው፣ ተወዘፈ። ከባንኩ የሚመጣውን ፖስታ ሳልከፍት ሽሮ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ እከት ነበር። አፍሬ ነው። ለእህቴ እንኳን ትንፍሽ አላልኩም።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ቤዝመንታችንን፣ ምድር ቤቱን፣ የተከራየችውን ልጅ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ፎርክሎዠር ሲገባ፣ ማለትም ብድሩ ሳይከፈል ቀርቶ ሊሸጥ ሲል፣ «ለነዋሪዎች በሙሉ» የሚል ደብዳቤም ይመጣል። እሱን የከፈተችው እሷ ናት። ኪራይዋን አንድ ወር አሳልፋ የማታውቅ ልጅ፣ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ከወረቀት አነበበች። ደረጃውን ወጥታ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። መሳቢያውን ገልብጠን ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ቀደድናቸው። ልጄ፣ አሁንም ይቅር በይኝ።

በነጻ ያገለገለችን የቤት አማካሪ፣ ዘመንሽ ይባረክ። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ተከራይዋ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣት ማንም እንደማያስወጣት ስትነግሪያት፣ ፊቷ ሲፈታ አይቻለሁ። ያ ሕግ በፈረንጆቹ 2009 ወጥቶ፣ በ2014 መጨረሻ ጊዜው አልፎበት፣ እንደገና የተመለሰው በ2018 ነው። በመሐል ሜዳ ላይ የቀሩት ተከራዮች ያሳዝኑኛል። ከባንኩ ጋር በሽምግልና ለመነጋገር 50 ዶላር ከፍሎ በ25 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚገባም የነገርሽን አንቺ ነሽ። ስድስት ቀን ሲቀረን ደረስን።

ዕቁብተኞቼ፣ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለቃችሁልኛል። የባለቤቴ የታክሲ ጓደኞች፣ ሆስፒታል እያመላለሳችሁ አንድ ቀን ሒሳብ አልተቀበላችሁም።

ጎረቤታችን ሽማግሌው አሜሪካዊም አሉ። በ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ ከጎናቸው የነበረው ቤት ባዶ ቀርቶ፣ ሣሩ ወገብ ደርሶ፣ መስኮቱ ተሰብሮ አይተዋል። ያንን ዳግም ላለማየት ይሁን ለእኛ አዝነው፣ ባለቤቴ እስኪድን ግቢያችንን በየሳምንቱ አጨዱልን።

ባንኩ ውዝፉን ወደ ብድሩ መጨረሻ ገፍቶልናል። ባለቤቴ ወደ ሥራ ተመልሷል። ልጅቷም ታች ናት።

እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ይፈላል፤ ድፎ ዳቦም አለ። ቤቱን ታውቁታላችሁ።