አቧራው ብቻውን አይሰምጥም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከሰሃራ ተነስቶ አትላንቲክን ስለሚያቋርጠው አቧራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። የሳተላይት ፎቶው ራሱ ልብ ይሰርቃል። ቅር ያለኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። አቧራው ባሕር ላይ ወድቆ ይሰምጣል ብላችሁ ነገሩን እዚያው ዘጋችሁት። ለእኔ ግን ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። በጣም የላመ ሸክላ አፈር በብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ሳትነኩት አስቀምጡት። አሸዋ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ውሃው ግን ቶሎ አይጠልም። እኔ ሳደርገው በማግስቱም ድፍርስ ነበር። ብርጭቆው ደግሞ ቁመቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ውቅያኖስ በአማካይ 3,700 ሜትር ያህል ይጠልቃል።

ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ቀመር መሠረት የአንድ ቅንጣት ውፍረት በግማሽ ሲያንስ የመዝቀጥ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነ የአቧራ ቅንጣት 4,000 ሜትር ለመውረድ አምስት ወር ገደማ ይበቃዋል። ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚሄደው ብናኝ ግን አብዛኛው ከዚህ በጣም ያንሳል። ሁለት ማይክሮን የሆነውን ውሰዱ። ከሰው ፀጉር ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። በቀን የሚወርደው 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አስሉት፤ ታች ለመድረስ 40 ዓመት ይፈጅበታል። በ40 ዓመት ውስጥ የባሕር ጅረት ወዴት ወዴት እንደሚወስደው አስቡት።

የሚገርመው ግን እንደዚያ አይሆንም። ተመራማሪዎች ጥልቅ ባሕር ውስጥ የዝቃጭ ወጥመድ ይሰቅላሉ። አፉ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ዕቃ ነው። ከሥሩ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ቀኑ ሲደርስ አንዱ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል። ከወራት በኋላ ሲያወጡት እያንዳንዱ ብልቃጥ የራሱን ቀናት ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። ከምዕራብ አፍሪካ ወዲያ ባለው አትላንቲክ በዚህ መንገድ የታየው ነገር፣ ላይ የወረደው አቧራ በሳምንታት ውስጥ ሺህ ሜትሮችን አልፎ ታች መድረሱ ነው።

ማን አወረደው? ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው።

ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። አልጌ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን የሚያድጉ ደቃቅ የውሃ ፍጥረታትን፣ ለቅመው ሲበሉ አቧራውም አብሮ ይገባል። አይፈጭላቸውም፣ አይጠቅማቸውም። በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ከኩሳቸው ጋር ይወጣል። ያቺ ኩስ ጠንካራና ከባድ ናት፤ ቁልቁል ትሄዳለች። ከዚያ ደግሞ አልጌዎቹ የሚተፉት ዝልግልግ ነገር አለ። የሞተ ሴል፣ ኩስ፣ አቧራ፣ ያገኘውን ሁሉ እያጣበቀ ያድበለብላል። ሳይንቲስቶች የባሕር በረዶ ይሉታል፤ በጨለማው ውሃ ውስጥ በመብራት ሲታይ በእርግጥም በረዶ የሚጥል ይመስላል። ለእነዚህ ድብልብሎች በቀን 100 ሜትር መውረድ ብርቅ አይደለም። በዚህ ፍጥነት 40 ዓመት የነበረው ጉዞ 40 ቀን ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ቁጥሩን ደጋግሜ ነው ያሰላሁት።

አቧራውም በበኩሉ ክብደት ይጨምርላቸዋል። በውስጣቸው ያለው ካርቦን ባክቴሪያ ሳይጨርሰው ወደ ጥልቁ እንዲደርስ ያግዛል። ምን ያህል ያግዛል በሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ አሁንም ይከራከራሉ።

ጽሑፋችሁ አቧራው ብረት ይዞ መጥቶ ባሕሩን እንደሚመግብ በትክክል ጠቅሷል። ነገር ግን ብረቱ የሚጠቅመው ብርሃን በሚደርስበት የላይኛው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ነው። ከአቧራው የሚሟሟው ብረት ደግሞ ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ በላይኛው ውሃ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ቶሎ ተጠቅልሎ ከወረደ ብረቱም አብሮት ይሄዳል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ትሪኮደስሚየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች በላያቸው ያረፈውን ብናኝ ወደ ስብስባቸው መሃል እየገፉ አስገብተው ብረቱን ሲያሟሙ ታይተዋል። ሳያመልጣቸው ይይዙታል ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ ያዢውና አውራጁ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው ያሉት።

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 ከምዕራብ አፍሪካ ወዲያ ወዳሉት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲደርስ ይኸው አቧራ የመርከቧን የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ጎድቷቸው አግኝቷል። ስለ አየሩ አቧራ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሃው መንገድ ግን ለአጠቃላይ አንባቢ የሚጻፈው በጣም ትንሽ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ምክንያቱም ስለ ሰሃራ ያለፈ ታሪክ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከታችኛው ዝቃጭ ነው። ከሞሪታኒያ ወዲያ ከባሕር ወለል በቱቦ ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ፣ ሰሃራ ሐይቅና ሣር በነበረበት ዘመን ትንሽ የአቧራ ድርሻ ነው ያለው። ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ድርሻው በአንዴ ይጨምራል። ቅንጣቶቹ ብቻቸውን ቢወርዱ ኖሮ አብዛኛው ደቃቅ ብናኝ በጅረት ተበትኖ፣ እዚያው ከነፋሱ መንገድ ሥር እንዲህ ተለይቶ ባልተነበበ ነበር።

የአቧራ ዜና በየዓመቱ ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የሳተላይቱን ፎቶ ስታወጡ፣ ከጎኑ የአንድ ወጥመድ ብልቃጥ ፎቶና ሁለት አንቀጽ ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ