የዊችታው ባንድ ለምን ተዘለለ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካ ሄቪ ሜታል፣ ማለትም ስለ ከባዱ የሮክ ሙዚቃ ስልት፣ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከሎስ አንጀለስና ከሳን ፍራንሲስኮ ግን አልወጣም። ከካንሳስ ግዛት ዊችታ ከተማ የወጣው ባንድ፣ ማኒላ ሮድ፣ ስሙ እንኳ አልተነሳም። ይሄ ቀላል ግድፈት አይደለም።

ጊታሪስቱና ድምፃዊው ማርክ ሼልተን ባንዱን ዊችታ ውስጥ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1980 ያወጡት ሮድስተር ሬከርድስ ብለው ራሳቸው በከፈቱት አሳታሚ ነበር። በ1983 "ክሪስታል ሎጂክ" ሲወጣም ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። ዛሬ ስለ ኤፒክ ሜታል (የጀግንነትና የአፈ ታሪክ ይዘት ስላለው የሄቪ ሜታል ዘርፍ) ሲወራ ግን ያ አልበም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከትልልቆቹ ከተሞች መራቃቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የማንንም ድምፅ እንዳይኮርጁ የረዳቸውም ይኸው ርቀት ይመስለኛል።

አድማጫቸውም ሌላ ታሪክ ነው። አገራቸው ውስጥ ብዙም ሳይታወቁ፣ ጀርመንና ግሪክ ውስጥ ከልቡ የሚወዳቸው ሰው አገኙ። ሼልተን በጁላይ 2018፣ በ60 ዓመቱ ያረፈውም እዚያው ጀርመን ነው፤ ፌስቲቫል ላይ ተጫውቶ ብዙም ሳይቆይ። እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ለክፍለ ሀገር ባንዶች አንድ ገጽ ስጡ። በማኒላ ሮድ ጀምሩት። ለአዲስ አድማጭ መጀመሪያ "ክሪስታል ሎጂክን"፣ ቀጥሎ የ1985ቱን "ኦፕን ዘ ጌትስን" ጠቁሙት።