የዛን ቀን የቡና ሂሳብ

ሰላም ነህ ወይ ወንድሜ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ፣ ይቅርታ። አንተም እኮ አልደወልክም። መጨረሻ የተለያየነው ቡና ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ ነው፣ ትዝ ይልሃል? አንተ «ሃይማኖት ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ሀገር ያፈርሳል» ስትል እኔ «ሀገር ያስነሳልም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ተናድጄ ስወጣ ሂሳቡን እንኳ አልከፈልኩም።

ሰሞኑን ስለ ህንድ ሳነብ ነው ትዝ ያልከኝ። ጋንዲን ልተወው፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የሚባል የሂንዱ መነኩሴ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ጉጃራት ውስጥ በሺቫ በዓል ሌሊት አዋቂዎቹን እንቅልፍ ሲጥላቸው እሱ ነቅቶ ይጠብቃል። አይጥ የአምላካቸው የሺቫ ምስል ላይ ወጥታ መባውን ስትበላ አየ። ራሱን ከአይጥ ያላስጣለ አምላክ ምን ሊያደርግልኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ነገሩ ከልቡ አልወጣም። በ1875 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ቦምቤይ ላይ አርያ ሳማጅ የሚባል የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር መሠረተ። ወደ ቬዳዎቹ፣ ወደ ጥንታዊዎቹ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ እንመለስ፣ ለምስል መስገድ ይቅር፣ ሰው በትውልዱ አይናቅ፣ ሴት ልጅ ትማር አለ። እንግሊዞች «ኋላ ቀር ናችሁ» ሲሉት ለኖረ ሕዝብ፣ ጉዳችንን ራሳችን እናጸዳለን፣ የእናንተን ሞግዚትነት አንፈልግም እንደማለት ነበር። ላላ ላጅፓት ራይን የመሰሉ ታጋዮች ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው የዚያ ማኅበር ሰው፣ ስዋሚ ሽራዳናንድ ነው። ጠበቃ ነበር። ሥራውን ትቶ በ1902 ሃሪድዋር አጠገብ፣ ካንግሪ ላይ ከእንግሊዞች እጅ ውጭ የሆነ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ትምህርቱም በሂንዲ። በ1919 ሰውን ያለ ፍርድ የሚያስር ሕግ ወጣና ዴልሂ ተነሳች። ወታደሮቹ ሰልፉ ላይ ጠመንጃ ሲደግኑ ይሄ ቀሚሱ የመነኩሴ የሆነ ሽማግሌ ወደ ሳንጃው ቀርቦ ደረቱን ሰጣቸው። በቀናት ውስጥ ሙስሊሞቹ ጃማ መስጊድ ወሰዱት። አስበው፣ የሂንዱ መነኩሴ መስጊድ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር!

እዚህ ላይ ላንተ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ደግነቱ ቀጥዬ አነበብኩ።

ያው ሰው በ1923 አካባቢ «ሹዲ» የተባለውን ዘመቻ መራ። አያቶቻቸው የሰለሙ ሰዎችን ወደ ሂንዱነት መመለስ ነበር ሥራው። ሌላው ወገንም የራሱን ዘመቻ ጀመረ፣ ያ የ1919 ፍቅር ተበላሸ። በታኅሣሥ 1926 ታሞ አልጋ ላይ ሳለ አንድ ሙስሊም ስለ ሃይማኖት ልንወያይ ብሎ ገባ። ውሃ ጠየቀ፣ ተሰጠው። ከዚያ ተኮሰበት።

ውሃው ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ።

ልክ ነበርክ ልልህ ነበር፣ ግን ያ ደረትስ? እሱን ምን ልናደርገው ነው? ቅዳሜ እዚያው ቡና ቤት እጠብቅሃለሁ። ሂሳቡ የኔ ነው፣ ያለፈውም ጭምር።