የእንግሊዝኛ ክበባችን፦ የሳቀ ቀጥሎ ይናገራል

የክበባት ዘገባ፣ 2015 ዓ.ም.

ክበባችን ዘንድሮም አለ። ይህን የምለው የለም የሚሉ ስላሉ ነው። በመምህራን ማረፊያ «ክበብ ማለት ከክፍል መሸሻ ነው» የሚል ወሬ እየሰማሁ ነው ዓመቱን የጨረስኩት። ስለዚህ ዘገባዬ ትንሽ ቢረዝም አይፈረድብኝ።

መደበኛ ሥራውን ቶሎ ልበለው። መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፤ ጥቅምት ላይ ሰብሳቢና ጸሐፊ መረጥን። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን። መብራት ሲኖር ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያ አጭር ፕሮግራም አቀረብን። ክርክር፣ የስፔሊንግ ውድድርና አጭር ድራማ ነበሩን። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፤ የፈለገ ያንብብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ጥር ላይ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ሁላችንም ደነገጥን። በመላ አገሪቱ ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃ አወራ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለተሰጠ ነው ተባለ። ይሁን። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ያውቃል። በአማርኛ ብትጠይቁት ዝርግፍ አድርጎ ይነግራችኋል። ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ኤክሰፕት» የምትል ቃል ግን ዘሏት ያልፋል። ታዲያ ይህ ልጅ የወደቀው በባዮሎጂ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ?

ልጆቻችን ሰነፎች አይደሉም። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ። ፓሲቭ ቮይስ ስጧቸው፣ ይገለብጡታል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ካለ ይመርጣሉ። «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጠይቁት ግን ጸጥ ነው። አንድ ልጅ ስምንት ዓመት ተምሮ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳይወጣ 9ኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል። እንዲናገር የጠየቀው የለማ! ፈተናው ምርጫ ነው። ክፍሉ ተጨናንቋል። መምህሩም ሰዓት ሲያጥረው ወደ አማርኛ ይዞራል።

ቋንቋው ራሱም ቢሆን አያዝንላቸውም። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የእንግሊዝኛው መሃል ላይ ይገባል። የኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል። «ናይፍ» ስንጽፍ ከፊት የምትቀመጠው ኬ ምን ትሠራለች ብለው በየዓመቱ ይጠይቁኛል። ዝም ብላ ተቀምጣለች እላቸዋለሁ። የተሻለ መልስ ያለው መምህር ካለ ክበቡ በሩ ክፍት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሳቁ ነው። አንዱ ተነስቶ «አይ አም አግሪ» ካለ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። አሳምሮ ከተናገረ ደግሞ «ፈረንጁ መጣ»፣ «አሜሪካ ልትሄድ ነው እንዴ?» ይባላል። ቢያበላሽም ይሳቅበታል፤ ቢያሳምርም ይሳቅበታል። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፦ የሳቀ ቀጥሎ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ በላይ ይስቅ የነበረ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ሳቁን መቆጣጠር ስላልቻለ በየስብሰባው ሲናገር ከረመ። የዘንድሮው ክርክር አሸናፊ እሱ ነው።

ስለ ጉዟችን ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። ከኅዳር ሚካኤል በፊት በነበረው ቅዳሜ ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ሄድን። አንድ ቅጥቅጥ ተከራይተን ከቡሬ በማለዳ ወጣን። ቲሊሊን አልፈን ዋናውን መንገድ ትተን ሽቅብ ተያያዝነው። ሕጉ በመኪናው ውስጥ በአማርኛ ያወራ አንድ ብር ይቀጣል የሚል ነበር። ገንዘብ ያዡ እስከ ቲሊሊ ድረስ ብሩን ሰበሰበ። ከቲሊሊ በኋላ መኪናው ውስጥ ትንፍሽ የሚል ጠፋ። ቅጣቱን አነሳነው።

ስንደርስ በሩ ላይ የነበሩ አባት «ቁርስ የቀመሰ ወደ ጠበሉ አይጠጋም» አሉን። ግማሹ ተማሪ ደግሞ ዳቦውን መንገድ ላይ ጨርሷል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እዚህ ግን ዓባይ ራሱ ምንጭ ነው፤ ልጆቹ እሱንም ሳያዩ ሊመለሱ ነው። ያልበሉት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የበሉት አኩርፈው ውጭ ተኮለኮሉ።

ከገቡት መካከል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ናት። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦቿ ጋ በእግሯ ሄዳ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። በክበቡ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አንድ ዓርብ ደብተሯን ሳይ እንግሊዝኛውን በሙሉ በአማርኛ ፊደል ጽፋዋለች። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» ይላል፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚነበበው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። አንድ ባልደረባዬ አይቶ «ይሄ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው?» አለ። አዎ፣ ነው። ሌላው ለፈተና ሲሸመድድ እሷ ለመናገር እየተዘጋጀች ነበር።

ከጠበሉ ስትወጣ የነጠላዋ ጫፍ ርሷል። ውጭ የቀሩት «ዋት ዲድ ዩ ሲ?» እያሉ ከበቧት። «ስሞል ዋተር» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ ጀመረች። ታሪኩን እዚህ አገር የማያውቀው የለም። ጻድቁን ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡት፤ ከእስር ተፈትተው ሲጠይቁት አንዱም ሳይርስ መለሰላቸው ይባላል።

«ሶልጀርስ ካም» አለች። «ሂ ጊቭ ሜኒ ቡክስ ቱ ሪቨር።» ድምጿ መጀመሪያ አይሰማም ነበር። ቀስ በቀስ ወጣ። ጻድቁ ከእስር የተመለሱበት ላይ ስትደርስ እጇን ወደ ምንጩ ዘርግታ «ሪቨር! ጊቭ ሚ ማይ ቡክስ!» ብላ ጮኸች። ሾፌራችን ሳይቀር ዞሮ አየ።

አጥሩ ጥግ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ አንዱን ተማሪ ጠሩት። «ምን እያለች ነው፣ ልጄ?» ነገራቸው። «ስንት መጽሐፍ አለች?» «ብዙ ነው ያለችው፣ እማሆይ።» «ምን ብዙ ትላለች! ሰባት ናቸው በላት!» ልጁም «ሰቨን!» ብሎ ጮኸላት። «የስ፣ ሰቨን ቡክስ» አለች ሳትደናገጥ። «ኖት ዌት። ኦል ድራይ።»

ማንም አልሳቀም። ሕጉን የሚያስታውስ እንኳ አልነበረም። ግሱ ተምታቷል፣ «ዘ» የሚባል ነገር የለበትም። ይሁን እንጂ ከበዋት የቆሙት ሁሉ ታሪኩን ገብቷቸዋል። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን ልቤ የተነካበትን ጊዜ አላስታውስም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በሚኒ ሚዲያ የሰኞውን ፕሮግራም ስትመራ ከረመች። ደብተሯም አሁን ግማሹ በላቲን ፊደል ሆኗል።

ዓባይ ሰባቱን መጽሐፍ በአደራ ተቀብሎ ደረቁን መለሰ። እኛ ግን የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ስንጠብቅ መስከረም ሰኔ ሆነ። ተማሪው በስልክ ፒዲኤፍ ያነባል። ስልክ የሌለው በጓደኛው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል። ውጤት ሲወርድ ግን «የእንግሊዝኛ መምህሩ ምን ይሠራል?» የሚለን አይጠፋም። የሚመለከተው አካል ይህችን መስመር ያነባት ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኳት።

ያልተሳካም አለ። ሚያዝያ ላይ በነበረው ሁኔታ መንገድ ተዘግቶ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የያዝነው ክርክር ቀረ። የሚኒ ሚዲያው ሞንታርቦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራማችንን በጉሮሯችን ነው የምናሰማው። ከ12ኛ ክፍል አባላት ብዙዎቹ «ጥያቄ መሥራት ይሻለናል» ብለው ወጡ። አልፈርድባቸውም።

ለጉዞው የቅጥቅጡ ኪራይ የወጣው ከወላጆች መዋጮ ነው። ለሰጣችሁ ሁሉ፣ በተለይ አምስት ብርም አስርም ብር ልካችሁ «ትንሽ ናት» ብላችሁ ላፈራችሁ፣ ምስጋናችን ትልቅ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጢስ ዓባይ ልንሄድ አስበናል። እዚያ አገር ጎብኚ ስለሚመጣ ልጆቹ ከራሳቸው ውጭ ከሌላ ሰው ጋር ቢያወሩ ብለን ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ከውስጥ ገቢው ለሞንታርቦው ጥገና ትንሽ እንዲቆርጥልን በደብዳቤ ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁት አሮጌ መዝገበ ቃላት ካለ ላኩልን። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ብትሰጡልን ይደርሰናል። ገጹ የጎደለም ቢሆን እንቀበላለን፤ የኛው ራሱ ከኤ እስከ ሲ ያለው ተገንጥሎ ጠፍቷል።