ከማስታገሻው ጎን ለጎን፦ በአዳማ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ለምትሠሩ ነርሶች

ውድ ባልደረቦች፣ ከማስታገሻ መድኃኒት ጋር አብረው የታካሚን ሕመም የሚያቀሉ ጥቂት ዘዴዎች እነሆ።

ሆዱን የተቀደደ ታካሚ ሳል ሲመጣበት ትንፋሹን ይይዛል፤ ስፌቱ የሚተረተር ይመስለዋላ። ጉልበቱን አጥፎ ቀና ይበል፤ ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ስፌቱ ላይ በሁለት እጁ አቅፎ ይያዝና ይሳል። የሚለማመደው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው አዲስ ነገር አይገባውም።

ለጭንቀት በአፍንጫ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ 6 ሰከንድ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። «በደንብ ይተንፍሱ» ብላችሁ ብቻ ካለፋችሁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ ጭራሽ ይደነግጣል። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁት ተንፍሱ።

ለሕመም በረዶ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢበዛ 20 ደቂቃ፤ በየ5 ደቂቃው ቆዳውን ገልጣችሁ እዩ። በአዳማ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል፣ ጨርቁም ይረጥባል፤ እርጥብ ጨርቅ ቅዝቃዜን አብልጦ ስለሚያስተላልፍ ቆዳ ይጎዳል፣ ቀይሩት። የደነዘዘ ወይም ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ላይ አይደረግም፤ የስኳር ሕመምተኞችን በተለይ ልብ በሉ።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ከዘዴው በፊትም፣ ከ30 ደቂቃ በኋላም ጠይቃችሁ ቻርቱ ላይ ጻፉ። የታዘዘው ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጥ። ሕመሙ በድንገት ከባሰ ወይም ሆዱ ሲነካ ከጠነከረ ግን ትራሱን ተዉትና ሐኪም ጥሩ።