መስኮቶቹ ይከፈቱ፦ ለዕድራችን አዳራሽ የድጋፍ ጥሪ

የዕድራችን አዳራሽ 16 መስኮት አለው። የሚከፈተው አምስቱ ብቻ ነው። ከቀሩት አንዳንዱ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበበት ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። አንዳንዱ በዝናብ አብጦ አልላወስ ብሏል። ሁለቱን ደግሞ ሌባ የፈራ ሰው በትልልቅ ሚስማር ቸንክሯቸዋል። ማን እንደሆነ ኮሚቴው ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ክረምት ላይ እዚያ አዳራሽ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ችግሩን አይረሳውም። የጅማ ዝናብ ድንኳን አያስጥልም። ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሰሉ ይጨሳል፣ ቡናው ይቆላል። በጠራራ ቀን መብራት እናበራለን፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ሻማ። እናቶች በነጠላና በሻሽ ጫፍ ያራግባሉ። ይህ ሁሉ 16 መስኮት ባለው ቤት ውስጥ!

ይህ ጽሑፍ ገንዘብ መጠየቂያ ነውና ሂሳቡን አላስረዝመውም። መስኮቶቹን በሙሉ አድሰን ለመጨረስ 180 ሺህ ብር ያስፈልገናል። ከአባላት መዋጮ 41 ሺህ ተሰብስቧል። የሚጎድለው 139 ሺህ ብር ነው። ሥራው ኅዳር ላይ መጀመር አለበት። ምክንያቱን ወደታች እመጣበታለሁ።

አዳራሹን ለማታውቁት፦ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም የማይርቅ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ ነጋዴ ቤት ነው። ታላላቆቻችን እንደሚሉት በኋላ በኩል ቡና ይከማችበት ነበር። የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ሰው በሚስብበት ዘመን ጅማ ውስጥ ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም ይነግድ ነበር። የዚያ ዘመን ቤቶች አሠራርም ከዚያም ከዚህም የተቀዳ ነው። የእኛን አዳራሽ መስኮቶች ማየት ይበቃል። 12ቱ እንደማንኛውም የድሮ መስኮት በማጠፊያ የሚከፈቱ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ ናቸው። በመንገዱ በኩል ያሉት አራቱ ግን ለብቻቸው ናቸው። እነሱ የሚከፈቱት ወደ ላይና ወደ ታች በመንሸራተት ነው።

"እነዚያማ ለጌጥ ናቸው፣ ድሮም አይከፈቱም" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ስሰማው ነው ያደግኩት። አናጢያችን የአንዱን መቃን የጎን ጣውላ ሲፈታው ግን ነገሩ ተገለጠ። መቃኑ ውስጡ ባዶ ሳጥን ነው። በግራም በቀኝም ረዣዥም የብረት ድብልብሎች አሉበት። ከብረቱ ላይ ገመድ ይነሳል። ገመዱ ከላይ ባለች ትንሽ መዘውር ይዞርና ተመልሶ ወርዶ ከመዝጊያው ጎን ይታሰራል። ለአንድ መዝጊያ ሁለት ብረት፣ በየጎኑ አንድ አንድ። የሁለቱ ክብደት ሲደመር ከመዝጊያው ክብደት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ያ ሁሉ መስታወት የተሸከመ መዝጊያ ያለ ጉልበት ይነሳል። ያቆሙት ቦታ ላይም ይቆማል።

እያንዳንዱ መስኮት እንዲህ ያለ ሁለት መዝጊያ አለው፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ላይኛውን ትንሽ ዝቅ፣ ታችኛውን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት የሞቀው አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ሰው ለሚታጨቅበት አዳራሽ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ቬንትሌተር አይፈልግ፣ ቆጣሪ አያስቆጥር።

ታዲያ ምን ነካቸው? ገመዱ የጥጥ ነበር፣ አረጀና ተበጠሰ። ገመዱ ሲበጠስ ብረቱ ሳጥኑ ግርጌ ይወድቃል። መዝጊያውም ያለ ድጋፍ ይቀርና ዱብ ይላል። ሰው ጣቱን ላለማስበላት መጀመሪያ በዱላ ይደግፈዋል። ቀጥሎ ይቸነክረዋል። ከዚያ ቀለም ይቀባበታል። በቃ፣ "ለጌጥ" ሆነ። ብረቶቹ አብዛኞቹ አሁንም እዚያው ሳጥን ውስጥ አሉ። ሦስቱ የሉም፤ ቁራሌው ሳይወስዳቸው አልቀረም።

በስብሰባው ላይ "ነቃቅለን አልሙኒየም ብናስገባስ?" ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አልሙኒየም ቀለም አይፈልግም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ዋጋ ጠየቅን። በአንድ አዲስ የአልሙኒየም መስኮት ዋጋ በማጠፊያ ከሚከፈቱት አሮጌዎች ሁለቱን ማደስ ይቻላል። ለእኔ ግን ከዋጋው በላይ ሌላ ነገር አለ። የእንጨት መስኮት ሲበላሽ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ፣ ጤነኛ እንጨት ቀጥሎ መመለስ ይቻላል። ሰፈር ውስጥ መጋዝና መሮ ያለው ሰው ይበቃል። የአልሙኒየሙ መቆለፊያ ሲሰበር ግን ያው ዓይነት ከገበያ ከጠፋ መስኮቱን ይዘን እንቀራለን።

እንጨቱም ራሱ ይቆጫል። ዋንዛ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ የድሮ ዋንዛ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ፈልጋችሁ ሞክሩ። ዋንዛ ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከ1986ቱ የደን አዋጅ ጀምሮ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ጥበቃ የተደረገለት ዛፍ ነው። እጃችን ላይ ያለውን ማገዶ አድርገን በምትኩ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ብናስገባ ልጆቻችን ምን ይሉናል? ጂረን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እኮ እንጨት ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። የያዘው ሰው ካለ እንጨት ይከርማል።

ከአናጢያችን ጋር ሆነን መስኮቶቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋን አየናቸው። የበሰበሰ እንጨት ካቻቢቴውን ያስገባዋል፣ ጤነኛው ይመልሰዋል። የተገኘው ከፈራነው ያነሰ ነው። መበስበሱ ያለው ከታች በኩል፣ በታችኛው እንጨትና በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነው። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ውሃው መስታወቱን ተከትሎ ሲወርድ ስቱኮው የተሰነጠቀበት ቦታ ያገኛል። በዚያ ይገባና ታችኛው እንጨት ላይ ይተኛል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። የመስኮት ደፍ ውሃ እንዲያፈስስ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ከዓመታት በፊት "እናሳምረው" ተብሎ ደፉ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ ልክ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። ውሃው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቋጥራል። ሲሚንቶው ይፈነቀላል።

ኅዳር ያልኩትም ለዚህ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም መቀባት ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ማለት ነው። እንጨቱ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮ በኖራ ድንጋይ ዱቄትና በተልባ ዘይት የሚቦካ ነው። እሱም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ላዩ እስኪጠና ቀናት ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ካልጨረስን በልግ ይይዘናል። ደግሞ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ሳናስብ ቀርተን አይደለም፤ ሳልደብቃችሁ ልናገር ብዬ ነው።

አንዱን መስኮት በዕድሩ ገንዘብ ሞክረነዋል። በጓሮ በኩል ያለው፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለው ነው። አሁን ከሚከፈቱት አምስቱ አንዱ እሱ ነው፤ ሄዳችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት። መዝጊያዎቹን አውርደን፣ ቀለሙን ገፈን፣ የበሰበሰውን ታችኛውን እንጨት ቆርጠን ከፈረሰ ቤት በተገዛ ዋንዛ ተካነው። ማጠፊያዎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ዝገታቸው ተፍቆ ዘይት ጠጥተው ተመለሱ። መስታወቱንም አልጣልነውም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ላዩ ትንሽ ሞገድ አለው፤ ከውጭ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ያወዛውዘዋል። የዛሬው ልሙጥ መስታወት በቀለጠ ማዕድን ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ ነው፤ ዘዴው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የእኛው ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠራ ነው። ቢሰበር ምትክ የለውም፤ ስለዚህ ሲነሳ በቀስታ፣ ስቱኮውን እያለሰለሱ።

አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ደግሞ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ስለዚህ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ክልክል ነው። እየረጠበ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው ላስቲክ ላይ ይሰበሰባል፣ የሚሠራው ሰው ማስክ ያደርጋል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ግቢው ውስጥ አይገቡም። "ድሮ ስንፍቅ ምን ሆንን?" የሚሉ አባቶች አሉን። እናከብራቸዋለን፣ ግን አንሰማቸውም። የምንገዛውም አዲስ ቀለም በአገራችን ደንብ መሠረት እርሳሱ ከሚሊዮን 90 እጅ ያልበለጠ መሆን አለበት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የቀሩን 15 መስኮቶች ናቸው። በማጠፊያ የሚከፈቱት 11 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 8 ሺህ ብር ይፈጃሉ። የሚንሸራተቱት አራቱ ሥራቸው ስለሚበዛ ለእያንዳንዳቸው 15 ሺህ ይዘናል። ይህ 148 ሺህ ነው። ቀሪው 32 ሺህ ለውጭ ቀለም፣ ለመሰላል ኪራይና ለመጠባበቂያ ነው። ከአንዱ መስኮት ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእጅ ዋጋ ነው። ይህን የምለው በኩራት ነው። ገንዘቡ ጅማ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ነባር አናጢዎች ይሠራሉ፤ አራት የሰፈር ወጣቶች ከሥራቸው ሆነው እየተከፈላቸው ይማራሉ። በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ በሚያወጣ አገር መስኮት የሚጠግን ጠፋ ሲባል ያሳፍራል።

የቻለ አንድ መስኮት ሙሉ ይያዝ። ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ መስኮት ቢይዝ ደስ ይለናል፤ በሟች አባታችሁ ወይም እናታችሁ ስም ማድረግም ይቻላል። ስም የሚጻፈው ግን መዝገብ ላይ እንጂ መስኮቱ ላይ አይደለም፤ መቃኑን የስም ሰሌዳ አናደርገውም። 200 ብር የሰጠም ስቱኮ ገዝቶልናል። ትንሽ ነው ብሎ የሚያፍር አይኑር። አዳራሹ ሲያለቅሱ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ጥሪውም ለሁሉም ነው።

ብር ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። ጓዳችሁ ውስጥ የድሮ የመስኮት እጀታ፣ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ ካለ አምጡልን። ከፈረሰ ቤት የተረፈ ደረቅ ዋንዛ እንገዛለን፤ ብትሰጡን ደግሞ እንመርቃችኋለን። ወፍራም የጥጥ ገመድ ያለው ይንገረን። ናይሎን አንፈልግም፣ እየተለጠጠ ይረዝማል። ለጠፉት ሦስት ብረቶች ምትክ የሚሆን ድብልብል ብረት ጋራዥ ያላችሁ ብታዩልን ጥሩ ነው፤ ልኩንና ክብደቱን አናጢው ይነግራችኋል። ንብ ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ሰም። መዝጊያው የሚንሸራተትበት ቦይ ሰም ሲቀባ ነው ልስልስ የሚለው።

አዲስ አበባና ውጭ አገር ላላችሁ የጅማ ልጆች፦ የምትልኩት በዕድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። የሂሳብ ቁጥሩ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከጸሐፊውም ማግኘት ይቻላል። እናታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ልካችሁ አስነብቡ። በቴሌግራም በግለሰብ ስም ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ የእኛ አይደለም፤ እኔ ብሆን እንኳ አትስደዱ።

እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው። ኑና የሞከርነውን መስኮት፣ የተፈታውን መቃንና የወጪ ዝርዝሩን እዩ። በወሩ መጨረሻ የገባውና የወጣው በር ላይ ይለጠፋል። በእጅ የምትሰጡም ለገንዘብ ያዡ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።